የአባዬ ዓይን ሳይጨልም

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ የምነዳውን አውቶቡስ አቆምኩ። ነፋሱ ከደቡብ ነው። ልብስ አሰጣሁ፣ ዘነበ። አስገባሁ፣ አባራ። መልሼ አሰጣሁ። ከተማችን ማላኩታ መቼም...

አባዬ ቁርስ ላይ ነበር። እንቁላሉን በሹካ ሲያሳድደው ደረስኩ። ሳህኑን ፊት ለፊት ካየው አይታየውም። አንገቱን ዘመም አድርጎ በዓይኑ ጠርዝ ነው የሚፈልገው። መሀሉ ጨልሟል፣ የቀረው ዳሩ ነው። እኔን ሲያናግረኝ ጆሮዬን የሚያይ ይመስላል። ለምጄዋለሁ... አልለመድኩትም።

ሹካውን አስቀመጠና "ኖሊ፣ ኬፕ ሃው ውሰጂኝ" አለኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። አርባ ዓመት አባሎን የለቀመበት ባሕር ነው። ድንጋይ ላይ ለሚለጠፍ ቀንድ አውጣ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው አባዬ። ቦታው የተጠበቀ የባሕር ፓርክ ሆኖ መልቀም ከተከለከለ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ያን ቀን "ከእንግዲህ ጥላዬም እዚያ አያልፍም" ብሎ ነበር። ቃሉን ጠብቋል። ሰው የቦታውን ስም ሲያነሳ እንኳ ተነስቶ ይወጣል።

"ምን ልታደርግ?"

"ሦስቱን ደረጃ ላያቸው።"

ሦስቱ ደረጃ ከውሃ በታች ያለ ዐለት ነው። ያገኘው እሱ፣ ስም ያወጣለትም እሱ።

"አባዬ..."

"ሐኪሙ ያለውን አብረሽኝ ሰምተሻል። ክረምት ሲገባ ይሄም አይኖረኝም።" በጣቱ የዓይኑን ዳር ነካ።

እሺ አልኩት። ምን ልበል? ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ስመልስ አንዷን ከቤቷ አሳልፌ ወሰድኳት። "ኖሊን፣ ቤታችን አለፈ እኮ" እስክትለኝ ድረስ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ለፓርኩ ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ትሁት ሴት አነሳች። መዋኘት ይቻላል? ይቻላል። መጥለቅስ? ይቻላል። ማጥመድ፣ መልቀም፣ ባዶ ቅርፊት እንኳ ይዞ መውጣት ግን አይቻልም።

ለአባዬ ነገርኩት።

"ባዶውን?"

"ባዶውንም።"

"ሥጋው የሌለውን ምን ያደርጉታል?" አለና ሳቀ። ስለ ፓርኩ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ዝርዝር ጀመርኩ። ሙቅ ልብስ። ክኒን። ለዳሌው የሚመች መሰላል። የሕይወት አድን ጃኬት። ታችዋ መስታወት የሆነችው ባልዲ፣ ውሃ ላይ አስቀምጦ ወደ ታች ለማየት። ጀልባ። ጀልባ የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ አሰመርኩ። ጀልባ ማለት ጋቪን ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ጋቪን ጋ ሄድኩ። ወንድሜ የአባዬን ሙያ ይዞ፣ ከፓርኩ ወዲህ ባለው ባሕር ይጠልቃል። ጀልባውን እያጠበ ነበር። ቀና ሳይል፣

"ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ዳሌው ብረት ነው።"

"ታዲያ ብረት ምን ይሆናል?"

"ይሰምጣላ። ብረት እኮ ነው፣ ኖሊ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"ደርሶ ልግባ ቢልሽስ? አባዬ ባልዲ ታቅፎ ጀልባ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው?"

"አይገባም።"

"ይገባል። ደግሞስ ቦታውን ማን ያገኘዋል? ለእኔ አሳይቶኝ አያውቅም። ለገዛ ልጁ።" ቧንቧውን ዘጋ። "ምልክቶቹን ይንገርሽ። ባሕሩም ይተኛ። ያኔ አስብበታለሁ። አስብበታለሁ ነው ያልኩት።"

እሁድ፣ ማርች 9

ምልክቶቹን ጠየቅኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ነገረኝ። ሲጨፍን የተሻለ የሚያይ ይመስላል።

"የተሰነጠቀው የአሸዋ ኮረብታ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ ይምጣ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዙሪና ሁለቱን ረዣዥም ዛፎች እዪ። አንድ ዛፍ ሲመስሉ መልሕቅ ጣዪ።"

"ዛፎቹን እሳቱ በልቷቸዋል፣ አባዬ። ያ ሁሉ ጫካ ነዷል።"

ዓይኑን ገለጠ። ረስቶት ነበር? ወይስ እዚያ ድረስ መንደዱን አልሰማም ነበር?

"እንግዲያው በሌላ ምልክት የሚያገኘው አንድ ሰው ነው" አለ። ስሙን አልጠራም። "እሱም ሞቷል መሰለኝ።"

"አልሞተም።"

ቶሎ አልኩት። በጣም ቶሎ።

"ምን አወቅሽ?"

"ሰው ነገረኝ። ኤደን ከተማ ነው ያለው ብለው።"

"ይኑርበት" አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ቤቱን ጠረግኩ። የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ። የወጥ ቤቱን መሳቢያ ገልብጬ ማንኪያ በማንኪያ ለየሁ። ጻፊውና ይውጣልሽ። ማን ያነበዋል?

ዊልፍ ደንስታን። አባዬ ከታች ሲለቅም ጀልባው ላይ ሆኖ የአየር ቱቦውን የሚጠብቅለት ሰው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ቱቦው ሲታጠፍ የሚያቃናው፣ ሞተሩ ሲያቃስት የሚሰማው እሱ ነበር። አባዬ "እኔ ታች ስሆን ሳንባዬ ያለው ከላይ ነው፣ ዊልፍ እጅ ላይ" ይል ነበር። እኛ ልጆቹ አጎቴ ዊልፍ ነበር የምንለው።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ፓርኩ ይሁን አይሁን ሲባል የሕዝብ አስተያየት ተጠየቀ። ከተማው እምቢ አለ። እኔ ይሁን ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ድሮ ከቁርስ በፊት የሚሞላው ቅርጫት ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ካላሳረፍነው ያልቃል" ብዬ። እራት ላይ የሰማሁት ነው። አባዬ ለዊልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነግረው። ስሜን አልጻፍኩም። "ከአንድ የጠላቂ ቤተሰብ" ብዬ ላክሁት።

አዳራሹ ውስጥ ለሕዝብ ተነበበ። አባዬ የቅርጫቱን ነገር ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ያን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ሴት ልጁን ማን ይቆጥራል?

በማግሥቱ ዊልፍን ቤት አስጠራው። ጋቪን ነበር፣ ሌሎች ሁለት ጠላቂዎችም ነበሩ። በእነሱ ፊት "ከሃዲ" አለው። ዊልፍ "እኔ አይደለሁም፣ መርቭ" አለ። አንዴ ብቻ። ጓንቱን ከመደርደሪያው አንስቶ ወጣ። ከተማውም ፊት ነሳው። ሚስቱን ማርጎንም ጭምር። በዓመቱ ኤደን ገቡ። ማርጎ የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተች። ቀብሯ ላይ አልሄድኩም።

እሱ ሲሰደብ እኔ የት ነበርኩ? እዚያው። ሻይ እያቀረብኩ።

በፓርኩ አልተጸጸትኩም። ዛሬም ብጠየቅ ይሁን እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ያ ባዶ የተውኩት የስም ቦታ ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ኤደን ሄድኩ። አንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ። ለአባዬ ገበያ አልኩት። የዊልፍን ቤት አገኘሁት፣ ከወደቡ በላይ፣ አረንጓዴ አጥር። መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ አስነሳሁ፣ አጠፋሁ። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ሁለት ጊዜ አልፋ በሦስተኛው አፍጥጣ አየችኝ።

ተመለስኩ። ገበያ ብዬ ስለነበር ግማሽ መንገድ ላይ ድንች ገዛሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ባሕሩ ተኝቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ነፋስ የለም። አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ "ዛሬ ቢሆን" ይላል። ትናንትም "ዛሬ ቢሆን" ብሏል። ምልክቱን ከየት ታመጪዋለሽ አላለኝም። እኔ አንድ ነገር እንደማደርግ ያውቃል። ሁሌም የማደርግለት ይመስለዋል...

ቅዳሜ፣ ማርች 22

የዊልፍን በር አንኳኳሁ።

ፂሙ ነጭ ሆኗል። ትከሻው ያው ነው። ትንሽ አየኝና፣ "የመርቭ ልጅ" አለ። "ሞተ?"

"አልሞተም።"

"ግቢ እንግዲያው።"

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ። ስለ አባዬ ዓይን ነገርኩት። ወደ ሦስቱ ደረጃ መሄድ እንደሚፈልግ ነገርኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እና ምልክቱን ፈልገሽ ነው የመጣሽው።"

አዎ ማለት እችል ነበር። ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጠኝ ነበር፣ ይዤ እሄድ ነበር፣ ያልቅ ነበር። አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

"ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አጎቴ ዊልፍ።"

ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ተነስቶ አጠፋው። መልሶ ተቀመጠ።

"ማርጎ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ሱቁ ዝም ይል ነበር። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ያለሽበት ቀን ነበር?"

"አንድ ቀን ነበርኩ።"

"ምን አደረግሽ?"

"ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። እንደተናደደ ሰው ሳይሆን፣ ሒሳብ አልገጥም ብሎት የቆየ ሰው ሲገጥምለት እንደሚነቀንቀው።

"ሰውን ሁሉ ጠርጥሬያለሁ" አለ። "ጋቪንን እንኳ። አንቺን አንድ ቀን አስቤሽ አላውቅም። የልደት ኬክሽን እኮ ማርጎ ነበረች የምትጋግርልሽ።"

ከዚያ "ሂጂ አሁን" አለኝ። በለሆሳስ ነው ያለው። ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ስልክ። ዊልፍ።

"ለአባትሽ ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

"ስትነግሪው ደውይ። ከዚያ በፊት እንዳትደውይ።"

ዘጋው።

እሁድ፣ ማርች 30

ዛሬ ልነግረው ነበር። ጋቪን መጣ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ዛሬ ልነግረው ነበር። ራሱን አሞት ዋለ። አሞት ነው ወይስ እኔ ነኝ ሰበብ የምፈልገው?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

አባዬ ብርጭቆ ፈልጎ እጁ ሦስት ጊዜ አየር ጨበጠ። በአራተኛው አቀበልኩት። "ዳሩም እየሸሸኝ ነው" አለ። እየቀለደ ነው የመሰለው፣ ድምፁ ግን...

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

የአገሩ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ቀን። አባዬ የእጅ ሰዓቱን አላስነካም አለ፣ እንደየዓመቱ። "አንድ ሰዓት ካተረፉልኝ እነሱ ጋ ይቆይ" ይላል።

ከምሳ በኋላ ሳህን እያጠብኩ ነገርኩት። ጀርባዬን ሰጥቼው። ከዚያ እንዲህ አይሆንም ብዬ ዞርኩ። ጎኔን እያየ ነበር፣ ማለትም እኔን እያየኝ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዊልፍ አይደለም።"

"አይደለም። አልነበረም።"

የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ቢጮህ በወደድኩ።

"በሰው ፊት ነው የሰደብኩት" አለ። "አየሬን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘልኝን ሰው። ቤቴ ጠርቼ።"

"አባዬ፣ እኔ..."

"ከሃዲ ስለው እዚያ ቆመሽ ነበር። ሻይ ሰጠሽው። ስኳር ስንት ላድርግ ብለሽ ጠየቅሽው። ትዝ ይልሻል?"

አዎ። ትዝ ይለኛል።

"ስለ ፓርኩ አይደለም" አለ። "ለፓርኩ ብለሽ ከሆነ ፊት ለፊት ትነግሪኝ ነበር። እንጣላ ነበር። ከልጄ ጋር ተጣልቼ አላውቅም? እታረቅ ነበር።"

ለጋቪን ደውይልኝ አለ። ጋቪን መጥቶ ወሰደው። ክኒኑን በከረጢት አድርጌ ሰጠሁ። ጉዞው አበቃለት።

ለዊልፍ ደውዬ "ነግሬዋለሁ" አልኩት። "እሺ" ብሎ ዘጋ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ቤቱ ባዶ። አውቶቡስ፣ ቤት፣ አውቶቡስ። ለሁለት ሰው አብስዬ ግማሹን ደፋሁ። ጋቪን ደወለ። ተቆጣኝ። ከዚያ ቁጣው መሀል ላይ ተሰበረና "እኔም ያን ቀን ከአባዬ ጎን ቆሜ ነበር" አለ። "ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዊልፍ ሲያየኝ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።"

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ባሕሩ እንደ ሳህን። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ስንት ይገኛል? ባስቲየን ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ጀልባ የሚወርድበት ድረስ። ቆምኩ። ተመለስኩ። ደግሜ ሄድኩ። የፋሲካ እንግዶች ካምፑን መሙላት ጀምረዋል። አንዱ "የጠፋብሽ ነገር አለ?" አለኝ። የለም አልኩት።

እሁድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ጋቪን ጋ ተጠራሁ። አባዬ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር። "ጨው አቀብይኝ" አለኝ። አቀበልኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተናገረኝ ይህችን ብቻ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቃሏን መላልሼ አሰብኳት። ሰው በጨው ይደሰታል?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ጋቪን ደወለ። አባዬ የዊልፍን ቁጥር ጠይቆታል። ስልኩን ይዞ ጓሮ ወጥቶ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ ተመለሰ። ምን እንዳወሩ አልተናገረም። "ዊልፍ እንዳረጀ ነገረኝ" ብቻ አለ። "አንተስ ምን አልከው?" ብሎ ጋቪን ቢጠይቀው፣ "እኔም ማየት ስለማልችል ለእኔ ወጣት ነህ አልኩት።"

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

"ሐሙስ ባሕሩ ይተኛል" አለ ጋቪን። "ዊልፍ ከኤደን ይመጣል። አንቺም ነይ።"

"ማን ነው ነይ ያለኝ?"

"አባዬ። 'መሰላሉን የገዛችው እሷ ናት፣ ይዛው ትምጣ' ብሏል።"

ሐሙስ ሌላ ሰው አውቶቡሱን እንዲነዳልኝ ለመንኩ። መሰላሉን ሁለት ጊዜ ለካሁ። ጃኬቶቹን ቆጠርኩ። አራት ሰው፣ አምስት ጃኬት። ቴርሞሱን አጠብኩ። መቀመጥ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ሄድን። እንዳልረሳው እንደነበረው ልጻፈው።

ጎሕ ሲቀድ ባስቲየን ላይ ተገናኘን። ዊልፍ ከመኪናው ወረደ። አባዬ የበሩን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ፈለገው።

"ወፈርክ እንዴ?" አለ አባዬ።

"ጃኬቱ ነው።"

"አይደለም።"

ሌላ ቃል የለም። ዊልፍ በክንዱ ደግፎ ጀልባው ላይ አወጣው። እኔን አየኝ፣ ራሱን ትንሽ ዝቅ አደረገ። ሰላምታ ነው? እንደ ሰላምታ ወሰድኩት።

ጋቦ ደሴትን አለፍን። ነፋስ የለም። ረጅም፣ ለስላሳ ማዕበል ብቻ፣ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ። ወደ ኬፕ ሃው ስንጠጋ የአሸዋ ኮረብታዎቹ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ከጀርባቸው የተቃጠለው ጫካ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ረዣዥሞቹ ዛፎች ግን የሉም። ዊልፍ ከፊት ቆመ። የመሬቱን ነገር ተወና ውሃውን ማየት ጀመረ።

"ወደ ግራ። ቀስ። ቀስ... እዚያ፣ ማዕበሉ ሲያልፍ የሚሸበሸብበት። መርቭ፣ አንተ በዛፍህ ስትመካ እኔ በዚህች ሽብሽብ ነበር የማገኘው።"

"አልነገርከኝም" አለ አባዬ።

"አልጠየቅከኝም።"

ጋቪን መልሕቅ ጣለ። ባልዲዋን ለአባዬ ሰጠሁት። ውሃው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንገቱን ቆለመመ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ወድቋል።

"የባልዲዋ አፍ ጠባብ ነው። የሚታየኝ ቦታ አይገባባትም" አለ። ከዚያ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"እምቢ" አለ ጋቪን። "እምቢ አልኩ። ኖሊ፣ አልነገርኩሽም?"

አባዬ ከሹራቡ ሥር የድሮውን የጠላቂ ላስቲክ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ለካ ጉዞውን ሁሉ ደርቆ የተቀመጠው ለዚያ ነው። ጋቪን ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ዊልፍ። ዊልፍ ከሳጥኑ ገመድ አወጣ። በአባዬ ወገብ ዙሪያ አስሮ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎተተ። ሌላውን ጫፍ በራሱ የእጅ አንጓ ላይ ጠቀለለ።

"እንደማትጠልቅ ቃል ግባልኝ" አለው። "ላይ ላይ ትንሳፈፋለህ። ሁለት ጊዜ ከሳብኩ ትመጣለህ።"

"ሁለት ከሳብክ እመጣለሁ።"

በመሰላሉ ወረደ። ብረቱ ዳሌ ከላይ ከበደው እንጂ ውሃ ውስጥ ቀለለው። መነጽሩንና የመተንፈሻ ቱቦውን አድርጎ ፊቱን ወደ ታች ሰጠ። እጆቹ ተዘረጉ። መሬት ላይ እያንዳንዷን እርምጃ የሚፈራ ሰውዬ... እንደዚያ ሲሆን ያየሁት መቼ ነው? ጭንቅላቱን በውሃው ላይ ወደ ጎን እያዘነበለ በዓይኑ ዳር ይመለከታል። ዊልፍ ገመዱን ትንሽ ይለቃል፣ ትንሽ ይሰበስባል። ዓይኑን ከአባዬ ጀርባ አንዴም አላነሳም። ጋቪን ሰዓት ያያል፣ ይቆማል፣ ይቀመጣል። እኔ ጥፍሬን በላሁ።

ዊልፍ ሁለት ጊዜ ሳበ። አባዬ መጣ። ስንጎትተው ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። አልገፋኝም።

"የመጀመሪያው ደረጃ ተላጭቷል" አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። "የባሕር ጃርት ግጦታል። ባዶ ድንጋይ።"

"ሁለተኛው?" አለ ዊልፍ።

"ግማሽ በግማሽ።"

"ሦስተኛውስ?"

እጁን አወጣና ጣቶቹን ገጣጥሞ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበ፣ አባሎን በአባሎን ላይ እንደሚደረብ። ዊልፍ ያን እጅ ያዘና አልለቀቀውም።

ከዚያ አባዬ "ዊልፍ፣ ያኔ..." ብሎ ጀመረ።

"ቆይ፣ ገመዱን ልጠቅልል።" ጠቀለለው። ሳጥን ውስጥ ከተተው። ተቀመጠ። "አሁን ተናገር።"

"ያን ቀን በልጆቼ ፊት ከሃዲ አልኩህ። በልጆቼ ፊት ነው የምነግርህ። አልነበርክም። አንዴ 'አይደለሁም' ስትለኝ ማመን ነበረብኝ። ማርጎን ይቅርታ ልላት አልችልም። አንተን ይቅርታ እልሃለሁ።"

ዊልፍ የገመዱን ሳጥን ዘጋ። "ሰምቻለሁ" አለ።

እኔም ጀመርኩ። "አጎቴ ዊልፍ..."

"አንቺ ነግረሽኛል" አለ። "አሁን ግቢና እዪው። ሳታዪው ነው የጻፍሽለት።"

እውነቱን ነው። አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ገባሁ። ብርዱ ትንፋሼን ቀማኝ። ባዶው ድንጋይ በጥቁር የባሕር ጃርት ተሞልቷል። ከዚያ ወደ ታች፣ ሦስተኛው ላይ፣ የባሕር አረሙ ቆሞ ይወዛወዛል፣ በስንጥቁ ውስጥ አባሎኖቹ ተጠጋግተው... እንደ ተደረደረ ሳህን። ትክክል ነበርኩ፣ ደግሞ አልነበርኩም። መነጽሬ ውስጥ አለቀስኩ። መነጽር ውስጥ ማልቀስ አይመችም።

ዓርብ፣ ሜይ 2

ሱቅ ሄጄ ለባለሱቋ ለቬራ ነገርኳት። ደብዳቤውን እኔ እንደጻፍኩት፣ ዊልፍ እንዳልነበረ። ለቬራ የተነገረ እስከ ምሳ ከተማውን ያዳርሳል። ለዚያ ነው ለእሷ የነገርኳት። ዳቦዬን በወረቀት ስትጠቀልል እጇ ቆመ። "እኔም ማርጎን ዘግቻታለሁ" አለች።

ዛሬ አውቶቡሱ ጋ ልጆቻቸውን ሊቀበሉ የመጡ ሁለት እናቶች ሰላም አላሉኝም። ይሁን።

እሁድ፣ ሜይ 11

አባዬ ለጥቂት ቀን ዊልፍ ጋ ልሰንብት ብሎ ሄደ። ጋቪን አደረሰው። ልብሱን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። "ለጥቂት ቀን ነው?" አልኩት። "ሦስት ሹራብ አድርጊልኝ" አለ። ሦስት ሹራብ የጥቂት ቀን ነው?

እሁድ፣ ጁን 8

ክረምት ገባ። ነፋሱ ቤቱን ያንገጫግጨዋል። የአባዬን ክፍል አጸዳሁት። አይመለስም። በስልክ ነገረኝ። "የዊልፍ መስኮት ወደ ወደቡ ነው። አላየውም፣ ግን ጀልባዎቹን እሰማለሁ። እሱ ደግሞ ብቻውን ይበላል፣ ይሄ ምን ኑሮ ነው።" አንቺስ አላለኝም። አልጠበቅኩም... ትንሽ ጠብቄ ነበር። የጨለመው የዓይኑ መሀል ሰፍቶ ዳሩን ሊውጠው ነው ብሎኛል ሐኪሙ። አባዬ ግን ስለ ዓይኑ አላነሳም። ስለ ሦስተኛው ደረጃ ነበር ወሬው፣ ለሃያኛ ጊዜ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዊልፍ። ከጉዞው ወዲህ እሱ ራሱ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነው። ቆሜ አነሳሁት።

"ኖሊን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ የጠዋት ክኒኔን ወስጃለሁ ይላል። እውነቱን ነው?"

"ውሸቱን ነው። ትራሱ ሥር እይ።"

ሲሄድ ሰማሁ። ወለሉ ሲንቋቋ፣ አባዬ ከሩቅ "ምን ትበረብራለህ?" ሲል። ዊልፍ ተመለሰ።

"አራት አገኘሁ።"

"በእርጎ ውስጥ አድርገህ ስጠው። እንዳትነግረው።"

ክኒኖቹ ብርጭቆ ውስጥ ሲወድቁ ሰማሁ።

"ቅዳሜ ነይና አሳዪኝ" አለ። "እርጎውንም ይዘሽ ነይ፣ እዚህ የሚሸጡት አይረባም።"